«ነፃ ጥገና» ስንት ብር ያስወጣል?

ከቁርስ ወደ ክፍል ስታልፉ ቆማችሁ የምታነቡ መሆናችሁን አውቃለሁ። ቢሆንም ዛሬ ትንሽ አቆማችኋለሁ። የማነሳው ስለ አንድ የእጅ ስልክ፣ ከስልኩም ጋር በካርቶን ውስጥ ስለ ወጣ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ነፃ ጥገና» ይላል።

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም እዚሁ መካነ ሰላም ከተማ ካለ አንድ ሱቅ ስልኩን በ9,000 ብር ገዛሁ። እናቴ አንድ ሙክት ሸጠች፤ እኔም በክረምቱ በቀን ሥራ ያጠራቀምኩትን ጨመርኩበት። «ልጁ መምህር ሊሆን ነው፣ ያለ ስልክ እንዴት ይማራል?» ተባለና ነው እንጂ ሙክቱስ ለፋሲካ የታሰበ ነበር። ባለ ሱቁ ደረሰኝ ቆርጠው ሰጡኝ፤ ከካርቶኑም የዋስትና ካርድ አውጥተው በጣታቸው እያሳዩኝ «ይኸውልህ ልጄ፣ 12 ወር ነፃ ጥገና፤ ዓመት ሙሉ ሐሳብ የለብህም» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ከዚያ ቃል በታች በደቃቅ ፊደል በእንግሊዝኛ የተደረደረውን ግን ሳላነብ ካርዱን ኪሴ ከተትኩት። ነገ ልጆችን ማንበብ አስተምራለሁ የምል ሰው የገዛ ውሌን አላነበብኩም። ይህን ጥፋት አስቀድማችሁ በእኔ ላይ መዝግቡልኝ።

አምስት ወር ደህና ሠራ። በሚያዝያ ወር፣ በበልጉ ዝናብ ሰሞን፣ ቻርጅ አልይዝ አለ። ገመድ ቀየርኩ፣ ሶኬት ቀየርኩ፣ ከጓደኛ ቻርጀር ተዋስኩ፤ እምቢ አለ። ለማስተማር ልምምድ ልንወጣ የቀረን ሦስት ሳምንት ነበር። የትምህርት ዕቅዴ፣ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ ፎቶ ያነሳኋቸው ገጾች፣ መምህራችን የላኩልን ማስታወሻ፣ ሁሉም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። በወረቀት የገለበጥኩት ነገር የለም።

ካርዴን ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባለ ሱቁ አገላብጠው አይተው «ልጄ፣ እኔ ሸጫለሁ እንጂ አልጠግንም። ኩባንያው መጠገኛው ደሴ ነው፤ ወደዚያ ውሰደው» አሉኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ አይልኩልኝም?» ብላቸው «እኔ የኩባንያው ሠራተኛ አይደለሁማ!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸውም ገዝተው የሚሸጡ ናቸው። ይሁን እንጂ ብሬን የተቀበሉት እሳቸው፣ ዋስትናውን ያሳዩኝም እሳቸው ሆነው ሳለ ኃላፊነቱ ሲመጣ ጣታቸው ወደ ደሴ ዞረ።

ደሴ ከእኛ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአቀስታ አድርጎ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ የሚደረስበት መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። ሁለት ቀን ከክፍል ቀርቼ ሄድኩ። መጠገኛ ቤቱ የሚያብረቀርቅ መስታወት አለው፤ ተራ መጠበቂያ ወንበርም አለው። ባለሙያው ስልኩን ወደ ውስጥ አስገብቶ ከፍቶ አየውና ተመለሰ። በስልኩ ውስጥ የምትለጠፍ አንዲት ነጭ ምልክት አለች፤ ውሃ ሲነካት ቀይ ትሆናለች። የእኔ ቀልታ ተገኘች።

ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ልጅ እንዲህ አለችኝ፦ «እርጥበት ገብቶበታል፤ እርጥበት ደግሞ በዋስትና አይሸፈንም። ዋናው ቦርድ ይቀየር ካሉ 4,800 ብር ነው። ቦርዱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ 15 ቀን ይቆያል። በውስጡ ያለው መረጃም ይጠፋል። ከተስማሙ እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

«የተበላሸው የቻርጀር መሰኪያው ነው፤ እሱ ብቻ አይቀየርም?» አልኳት።

«የኛ አሠራር ቦርድ መቀየር ነው» አለችኝ።

ምን ልበላችሁ! ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኳት። ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ልጅቱ መልስ አልሰጠችም፤ ወረቀቱን ብቻ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። አልፈረምኩም። ስልኬን ይዤ ወጣሁ።

መካነ ሰላም በተመለስኩ ማግስት በገበያው ዳር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስልክ የሚጠግን አንድ ወጣት ዘንድ ሄድኩ። ከመክፈቱ በፊት «እኔ ከነካሁት ዋስትናህ ይፈርሳል፤ አስብበት መምህር» አለኝ። የኩባንያው ካርድ ያላስረዳኝን እሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዳኝ። አስቤ «ክፈተው» አልኩት። በማጉያ መነጽር እንዳየው አደረገኝ፤ የመሰኪያው ጥርሶች አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ቦርዱን ጠረገ፣ የዛገውን መሰኪያ በሙቀት አንሥቶ ሌላ በየደ። አርባ ደቂቃ ፈጀበት። 350 ብር አስከፈለኝ። የትምህርት ዕቅዴም ከነፎቶው እንዳለ ተገኘ።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንግባ። ወደ ደሴ ደርሶ መልስ 1,200 ብር፣ አንድ አዳር 300 ብር፣ ምግብ 300 ብር፤ ድምሩ 1,800 ብር። ስልኩ 15 ቀን ይቆያል ከተባለ አንዴ ለማድረስ፣ አንዴ ለማምጣት መሄድ ግድ ነውና 3,600 ብር ይሆናል። ኩባንያው እርጥበቱን ባያነሳና «በነፃ ጠግነንልሃል» ቢለኝ ኖሮ እንኳ ነፃው ጥገና የስልኩን ዋጋ 40 በመቶ ይበላ ነበር። ቦርዱን ላስቀይር ብል ደግሞ 8,400 ብር። 600 ብር ብጨምር በገዛሁበት ዋጋ ሌላ አዲስ ስልክ ነው!

አባቶች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት ይህን ዓይነቱን ሀብት ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው ዋስትና ደሴ ለተቀመጠ ሰው ዋስትና ነው። አዲስ አበባ ለተቀመጠማ ከታክሲ ወርዶ ሻይ እስኪጠጣ የሚያልቅ ነገር ይሆናል። ለቦረና፣ ለሳይንት፣ ለለጋምቦ ሰው ግን ያው ካርድ ወረቀት ነው። እኛ ግን ስልኩን የገዛነው በቅናሽ አይደለም። የዋስትናው ዋጋ በ9,000 ብሩ ውስጥ አለ፤ ከደሴው ገዢ እኩል ከፍለንበታል። የከፈልንበትን ነገር ልንወስደው በማንችልበት ቦታ አስቀምጠው «አለላችሁ» ይሉናል። በእኔ አስተያየት፣ ገዢው ሊደርስበት የማይችል ዋስትና እንዳልተሰጠ ሊቆጠር ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ለገዢው ኃላፊ እንዲሆን አድርጓል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደነገገ። ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ አስገደደ፤ ለሸጠው ዕቃ የገባውን የዋስትና ግዴታ አለመፈጸምንም ከለከለ። ጥሩ ነው። ዳሩ ግን ሕጉ የሚጠብቀው ኩባንያው ቃል የገባውን ነው፤ ቃሉን የሚጽፈው ደግሞ ራሱ ኩባንያው ነው። «መጠገኛችን እዚህ ቦታ ብቻ ነው፣ ይህ አይሸፈንም፣ ያም አይሸፈንም» ብሎ በደቃቅ ፊደል ከጻፈ፣ ቃሉን ጠብቆም እኛን ባዶ እጃችንን ሊሰደን ይችላል። የእኔም ነገር እንደዚያው ነው። አንድም ቃል አላፈረሱብኝም፤ ሆኖም 1,800 ብር ከስሬ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ሚዛኔን ማስተካከል አለብኝ። ኩባንያው አልዋሸም፤ እርጥበት ገብቶ ነበር፤ ዝገቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ውሃ ውስጥ አልጣልኩትም፤ ግን በበልግ ዝናብ ኪሴ ውስጥ ይዤው ስንት ቀን ተመላልሻለሁ! ኩባንያዎች ሌላም የሚሉት አላቸው። ያልሠለጠነ ሰው ባትሪውን ቢወጋው ይቃጠላል፤ ይህ እውነት ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ሲበሳ እሳት ያነሳል። ፎርጅድ መለዋወጫ ተገጥሞለት በኋላ የተበላሸው ሁሉ በእኛ ስም ይጠራል ይላሉ፤ ይህም ያጋጥማል። የሰው ፎቶና ምስጢር ከስልኩ የሚቀዳ ጠጋኝ አይጠፋም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ሠልጣኝ የለም ካሉ ያሠልጥኑ። ፎርጅድ ገጠሙ ካሉ ኦሪጅናሉን ይሽጡላቸው። ወጣቱ ጠጋኛችን ኦሪጅናል መሰኪያ የሚገዛበት ቦታ ቢኖር ኖሮ ከሞተ ስልክ ላይ ነቅሎ አይገጥምም ነበር። በሩን ዘግተው ሲያበቁ «በመስኮት ገባ» ብለው መክሰስ አይገባቸውም። በአገራችን ስልክ መገጣጠም ከተጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። መገጣጠም የቻለ አገር መሰኪያ መቀየር እንዴት ያቅተዋል?

ይህ የእኛ የገጠሬዎች እሮሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በሰለጠኑት አገሮችም ተጩኾበታል። የአሜሪካው አፕል ኩባንያ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን ፍጥነት በሶፍትዌር እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 አመነ። ባትሪ ብቻ ቢቀየር የሚድን ስልክ «አርጅቷል» ተብሎ ስንቱ አዲስ ገዝቷል! ገዢዎች ሲነሱበት የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በ2020ም ክሱን ለመጨረስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2022 ደግሞ መለዋወጫና የጥገና መመሪያ ለተራ ሰው መሸጥ ጀመረ። ፈረንሳይ ከ2021 ጀምሮ አንድ ስልክ ለመጠገን ምን ያህል እንደሚቀል ከ10 ነጥብ ተሰጥቶት ከዋጋው አጠገብ እንዲጻፍ አደረገች። የአውሮፓ ኅብረትም ከጁን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ አምራቾች የስልክ ዋና ዋና መለዋወጫዎችን ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላ ለ7 ዓመት እንዲያቀርቡ፣ ሲታዘዙም ከ5 እስከ 10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያደርሱ አስገደደ። ኩባንያ በራሱ አይለሰልስም፤ ገዢ ሲጠይቅና ሕግ ሲይዘው ይለሰልሳል። ከዚህ የምንማረው ይህን ነው።

«እኛ መምህራን እንሆናለን፣ የስልክ ነገር ምን ያገባናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ያገባናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት የሚያስተላልፉ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች መጡ። ብዙ የተወራለት ነገር ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስደርስ ያገኘሁት ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጥቁር መስታወት ነው። አራት ዓመት ፊቴን አየሁበት እንጂ ትምህርት አላየሁበትም። ማን ይጠግነው? መለዋወጫው ከየት ይምጣ? ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤትም ኮምፒዩተር ወይም የፀሐይ መብራት ይመጣ ይሆናል። ሲመጣ ርችት ይተኮሳል፤ ሲበላሽ በዕቃ ግምጃ ቤት ይቆለፍበታል። ዕቃ ስንቀበል «የሚጠግነው ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ያስፈልጋል።

አያቴ አንድ አሮጌ ራዲዮ ነበራቸው። የጀርባው ክዳን በቡሎን ይፈታል፤ በክዳኑ ውስጥ የሽቦው ንድፍ በወረቀት ተለጥፎ ነበር። የሠራው ሰው «ነገ የሚፈታህ ሌላ ሰው ነው» ብሎ አስቦበታል ማለት ነው። የእኔ ስልክ በማጣበቂያ ተጣብቆ የታሸገ ነው። የሠራው ሰው ማንም እንዳይፈታው አስቦ ነው የሠራው። በሁለቱ መካከል የጠፋብን ነገር ይታየኛል።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አንድ ኩባንያ ዕቃውን በወረዳ ከተማ የሚሸጥ ከሆነ የተበላሸውንም በዚያው ከተማ ይቀበል። ዕቃውን ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ጭኖ ማምጣት ከቻለ፣ በዚያው መኪና አንድ ካርቶን ብልሽት መመለስ አያቅተውም። ሻጩ ተቀብሎ ይላክ፤ የማጓጓዣው ወጪ በዋስትናው ውስጥ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በ350 ብር ለሚጠገን ነገር የ4,800 ብር ቦርድ «ወይ ውሰድ ወይ ተው» አይባል። ትናንሽ መለዋወጫዎች በዋጋቸው ይሸጡ።

ሦስተኛ፣ የዋስትና ካርድ በአማርኛ፣ ዓይን በሚያየው ፊደል ይጻፍ። ሻጩም ብር ከመቀበሉ በፊት «እርጥበት አይሸፈንም፣ ሌላ ሰው ከከፈተው ይፈርሳል፣ መጠገኛው ደሴ ነው» ብሎ በአፉ ይናገር። ይህንን የወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ዞር ብሎ ቢያይ ሸክም አይሆንበትም።

አራተኛ፣ የከተማችን ጠጋኞች በቴክኒክና ሙያ በኩል ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ያግኙ፤ ኩባንያዎችም ፈትነው ያለፈውን ዕውቅና ይስጡት። ያን ጊዜ እሱ ስለነካው ዋስትና አይፈርስም።

አምስተኛው ወደ እኛው ይመጣል። ደረሰኝ እንያዝ፤ ካርዱን አንብበን እንግዛ፤ ያልገባንን እንግሊዝኛ የገባውን ጓደኛ እንጠይቅ፤ የትምህርት ዕቅዳችንን በደብተርም እንገልብጥ። ገና ከ15 ቀን በፊት ከተበላሸብን ደግሞ አንፈር፤ ሕጉን ጠቅሰን እንጠይቅ። እዚህ ላይ ራሴን ልሂስ። ደሴ ያቺን ልጅ መቆጣቴ ትክክል አልነበረም። አሠራሩን እሷ አልጻፈችውም፤ እንደ እኔው ደመወዝ ፍለጋ ወጥታ የሰው ጥፋት ቀኑን ሙሉ ትሰማለች። ቁጣዬን አሠራሩን ለጻፈው ሰው በደብዳቤ መላክ ነበረብኝ። ተመልሼ ጽፌላቸዋለሁ፤ ይህን ስጽፍ መልስ አልመጣም።

አሁን ስልኬ ይሠራል። ዋስትናው ግን ሰባት ወር ሲቀረው ፈርሷል። ቀሪውን ሰባት ወር በ350 ብር የትምህርት ዕቅዴን መግዣ አደረግኩት ማለት ነው። እናቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ ያ ወረቀት ለምን ይሰጣል?» አለችኝ።

በግንቦት ወር ለማስተማር ልምምድ ስወጣ የደረሰኝ 6ኛ ክፍል ሒሳብ፣ ርዕሱም በመቶኛ ነበር። ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ የራሴን ጻፍኩላቸው፦ «አንድ ሰው በ9,000 ብር የገዛውን ዕቃ በነፃ ለማስጠገን 3,600 ብር አወጣ። ያወጣው ከዕቃው ዋጋ ስንት በመቶ ነው?» ልጆቹ ጎንበስ ብለው ሠሩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ መልሱ 40 ነው» አለች። «ጎበዝ» ብዬ ልቀጥል ስል እጇን አላወረደችም።

«ግን ቲቸር፣ በነፃ ከሆነ ለምን ከፈለ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን በጥቁር ሰሌዳው ፊት መልስ አጣሁ። ጥያቄዋን እዚህ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ስልክ ሸጦ «ነፃ ጥገና» ብሎ የሚጽፍ ሁሉ እንዲመልሰው ነው። ከእናንተም መካከል የተለየ አስተያየት ያለው ካለ ጽፎ ከጎኔ ይለጥፍ፤ ቦታ አለ። በተረፈ ቸር ያሰንብተን።

ከሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ